እናት ካልፈቀደች አይመነኮስም

ከደብረ ብርሃን የወጣሁት በጥር መጨረሻ አንድ ማክሰኞ ምሽት ነው። ሚኒባሱ ደጃችን ቆሟል፣ ሻንጣዬ ጣሪያው ላይ ታስሯል፣ አሜሪካን አይቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ስለ አሜሪካ ይመክረኛል። አጎቴ "እንደ ደረስክ ደውል፣ ግን ብዙ አታውራ፣ ቆጣሪው ይሮጣል" አለኝ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ስለ ብርዱ እንዳላስብ ነገረችኝ፤ ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ብርድ ይንቃል አለች። የምሄድበትን ሚኒሶታን ብታይ ኖሮ ይህን ቃል አፏ ውስጥ ታስቀረው ነበር። ምክሩ ሲያልቅ ምርቃት ተጀመረ፤ የሁሉም ምርቃት ደግሞ አንድ ነበር፦ ሚስት አግብተህ፣ ልጅ ወልደህ፣ እሱን ለመሳም ያብቃን። አሜን፣ አሜን እያልኩ ጉልበት ስሜ ዞርኩ። እናቴ አላለቀሰችም፤ ለማልቀስ መሄዴን እየጠበቀች ነበር።

ከሸኚዎቹ አንዱ አበራ ነበር፣ ከአዲሷ ሚስቱ ጋር። አበራ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው፣ እኔ ደግሞ ፀጉር አስተካካይ። የሠርጉ ዕለት ሚዜው እኔ ነበርኩ፤ ጠዋት ጺሙን የላጨሁትም እኔ ነኝ። እወደው ነበር። እሱም ይወደኝ ነበር፤ ግን እናቱ ታመሙ፣ ዘመድ ተሰበሰበ፣ አገባ። ምላጩ አንገቱ ላይ እያለ ሁለታችንም አንድ ቃል አልተናገርንም። ከዚያ ጠዋት በኋላ የከተማው አየር ሁሉ ለሳንባዬ አልበቃ አለኝ። ዲቪ ደረሰህ ስባል ቤተሰቡ እልል አለ፤ እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ይህን ነገር ጽፌው አላውቅም። እንደኔ ያለውን ሰው በአማርኛ የሚጠሩበት ቃል ስድብ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ "እንደኔ ያለ" እያልኩ አልፋለሁ። ገብቷችኋል።

መጀመሪያ ያረፍኩት ሚኒሶታ፣ ብሩክሊን ፓርክ፣ የአክስቴ ልጅ ገነት ቤት ነው። ገነት ደግ ናት፣ ደግነቷ ግን መውጫ የለውም። እኔን መዳር ዋና ሥራዋ አደረገችው። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሳሎኑ ውስጥ አንዲት ያላገባች ልጅ ትቀመጣለች፤ እኔ ከጎኗ እቀመጣለሁ፤ የገነት ልጆች በእንግሊዝኛ ይስቁብናል።

"ይቺኛዋ ነርስ ናት፣ መኪናዋን ከፍላ ጨርሳለች" ትለኛለች ገነት ወጥ ቤት ጠርታ። "ምን ጎደላት? አፕሪሽየት አድርግ እንጂ!"

"ምንም አልጎደላትም። እኔን ምን ልታደርገኝ ነው?"

"ጾምህን ልታድር ነው እንግዲህ?" ብላ ሰሃን በእጄ ታስይዘኛለች።

ሥራም እንዳሰብኩት አልሆነም። መቀሴን ይዤ የሥራ ፈቃድ ወደሚሰጠው ወደ ላይሰንሱ ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ሴት መቀሱን ስታይ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳብ አደረገች።

"ፀጉር ለመቁረጥ ላይሰንስ አለህ?"

"ልምድ አለኝ። የከተማችንን ከንቲባ ሳይቀር ላጭቻለሁ።"

"ከንቲባው ላይሰንስ ሰጥቶሃል?"

"ጉርሻ ነው የሰጠኝ።"

"ትምህርት ቤት ገብተህ ሰዓት መሙላት አለብህ። መላጨትም ትማራለህ።"

እኔ አባቷን የሚያክሉ ሰዎች ስላጭ ነው የኖርኩት። ለማንኛውም ሴንት ፖል ውስጥ በአንድ የአዛውንቶች መጦሪያ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሥራ አገኘሁ። አንሶላ አጥቤ ከጨረስኩ በኋላ ሽማግሌዎቹን በድብቅ እላጫለሁ። ቶኒን ያገኘሁት እዚያ ነው። አስታማሚ ነው፤ ወላጆቹ የላኦስ ስደተኞች ናቸው፣ እሱ እዚሁ ሚኒሶታ የተወለደ። ስለ ራሱ ምንም አይደብቅም፤ ምሳ ላይ "ቦይፍሬንዴ" እያለ ሲያወራ እኔ ነኝ ግራና ቀኝ የማየው። እንዳትቸኩሉ፣ በእኔና በእሱ መካከል ምንም አልነበረም። ስለ እኔም የነገርኩት ከብዙ ወር በኋላ ነው፤ "አውቄ ነበር" አለኝና ሳንድዊቹን መብላቱን ቀጠለ። ከገነት ቤት መውጣት እንደምፈልግ የሰማው እሱ ነው። እናቱ ፍሮግታውን በሚባል ሰፈር ባለው ቤታቸው ላይኛውን ፎቅ ታከራያለች አለኝ።

እናቱን ሰው ሁሉ "ሜ ማኒ" ይላታል፤ ሜ በእነሱ ቋንቋ እናት ማለት ነው። አጭር፣ ፈጣን፣ በጭቃ ቡትስ ጓሮ ለጓሮ የምትሮጥ ሴት ናት። የእሷም እንግሊዝኛ የእኔም እንግሊዝኛ ስብርባሪ ስለነበረ ወዲያው ተግባባን።

"ዓሣ ትበላለህ?" አለችኝ።

"እበላለሁ።"

"የሚሸት ዓሣ?"

የአንድ ማሰሮ ክዳን ከፈተችልኝ። ከርሞ የበሰበሰ ዓሣ ነው፣ ወጣቸውን የሚያጣፍጡበት። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ግን ቤት ፈላጊ ነኝና "ደስ ይላል" አልኩ። ከዚያ በኋላ እኔ ከሻንጣዬ የእናቴን ቅቤ አውጥቼ አስሸተትኳት። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች።

"እኩል ነን" አለች። "ግባ።"

ሁለት ዓመት እዚያ ኖርኩ። ባሏ ሳምባቸው የደከመ ሽማግሌ ነበሩ፤ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የዩኒቨርሲቲ አቬኑን አውቶቡስ ያያሉ። በየሳምንቱ እላጫቸው ነበር። በረዶው ሊሟሟ ሲል አረፉ። ሜ ማኒ በለቅሶው ሰሞን አፏ ተለጎመ፤ ድስቷን እንኳ ጣደች አልጣደች አይሰማም ነበር።

እኛ አርባና ሰማንያ እንደምናወጣው እነሱ መቶኛውን ቀን ያወጣሉ። ያ ቀን ሲቃረብ ቶኒ አንሶላ ማድረቂያው ጋ መጥቶ "ለአባቴ ስል ልመነኩስ ነው" አለኝ።

ክው አልኩ። እኛ ዘንድ የሚመንን ሰው ከቤተሰቡ ተደብቆ ነው የሚጠፋው፤ ሲመነኩስ የሙት ፍትሐት ይደገምበታል፤ ከዚያ ወዲያ ለእናቱ ልጅ አይደለም፣ ሞቷል። ባሏን በቅርቡ የቀበረች ሴት ልጇንም ልትቀብር ነው ብዬ አሰብኩ። ከሥራ ስወጣ ጥቁር ሹራቤን ለብሼ ወደ ሜ ማኒ ወረድኩ። ደረቴን ይዤ ተቀመጥኩና አቀርቅሬ አለቀስኩ።

"ማን ሞተ?" አለች ደንግጣ።

"ልጅሽን አጣሽው።"

"ቶኒ ምን ሆነ? መኪና ነው?"

"ሊመነኩስ ነው አለኝ።"

"አዎ" አለች። "ለአንድ ሳምንት።"

"ለአንድ ሳምንት?"

"ቫኬሽን ወስዷል። ከሳምንቱ በኋላ ሰኞ ሥራ ይገባል።"

መነኩሴ ለአንድ ሳምንት! እኛ ዘንድ ቆቡን የጣለ ሰው እስኪሞት ይታማል። የእኛን አገር ሥርዓት፣ ፍትሐቱን፣ ሁሉን በዚያ በተሰበረ እንግሊዝኛዬ አስረዳኋት። እሷም የእነሱን፣ የቡድሂስቶቹን፣ ነገረችኝ፤ ልጅ ለሞተ አባቱ ለጥቂት ቀን ይመነኩሳል፣ የምንኩስናው በረከት ለሟች ይደርሳል። ከዚያ የእኔ ለቅሶ ትዝ አላትና ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው፤ ጠረጴዛውን ይዛ እስክታነባ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ፊቷ ተለወጠ።

"ግን አይሆንም" አለች። "ቶኒ እንደዚያ ነው። ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ" አልኩ፣ ዓይኔን ከዓይኗ አሽሽቼ።

"ባለፈው ሕይወቱ፣ ከዚህ በፊት ተወልዶ ሳለ፣ የሰው ሚስት ነክቷል። ስለዚህ እንዲህ ሆኖ ተወለደ። የቤተ መቅደሱ ኮሚቴ እንደ እሱ ያለ መመንኮስ አይችልም ይላል። እንዲያው ቢመነኩስስ? የማይሆን ከሆነ በረከቱ ለባሌ አይደርስም። ባሌ ባዶ እጁን ይቀራል።"

ይህን ስትናገር ቁጣ የላትም፤ እግሩ ሸፋፋ ስለሆነ ልጅ እንደምታወራ ነው። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ በመጀመሪያ ቀናሁ። በእኛ ቤት እንደኔ ያለ ሰው ኩነኔ ነው። በእሷ ቤት ካለፈ ሕይወት የመጣ አበሳ ነው፤ እናት አዝና የምትሸከመው። ለቶኒ ስነግረው ግን ተናደደ።

"የሚጠላኝን ሰው ልጣላው እችላለሁ" አለ። "የምታዝንልኝን እናት ምን ላድርጋት?"

ቡድሂዝም እንዲህ ያለውን ሰው አይነካም ሲሉ እሰማ ነበር። ቶኒ ከጓደኛው ጋር አንድ ጊዜ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ነጮች ለጸጥታ ወደሚቀመጡበት አዳራሽ ወስዶኛል። በሩ ላይ ባለቀስተ ደመና ባንዲራ ተሰቅሏል፤ መምህሯ ሁሉም ሰው እዚህ ይፈቀዳል አለች። ጥሩ ሰዎች ናቸው። ግን ሁሉም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጦ፣ ሲያልቅ እያንዳንዱ ወደ መኪናው ሄደ። "እዚያ ማንም አይከለክለኝም" አለኝ ቶኒ፣ "ለአባቴ ሩዝ የሚቀቅልልኝ ግን የለም።" ስለዚህ አባቱ ሲሳለሙ በኖሩበት ቦታ ካልሆነ አይሆንም አለ። ካልተፈቀደለት አባቱን ሳይሸኝ ሊቀር ነው፤ መቶኛው ቀን ደግሞ አይደገምም።

አንድ ቅዳሜ ሦስታችን ሄድን፣ ቶኒ ድራይቭ እያደረገ። ቤተ መቅደሳቸው ከከተማው ወጣ ብሎ በበቆሎ እርሻ ዳር ነው። እኔን የወሰዱኝ ከተፈቀደ ራሱን የምላጨው እኔ ስለሆንኩ ነው፤ የአበምኔቱ እጅ ይንቀጠቀጣል። አበምኔቱ ብርቱካንማ የሱፍ ኮፍያ ያጠለቁ ሽማግሌ ናቸው። አጠገባቸው ክራቫት ያሰረ የኮሚቴው ሰው ተቀምጧል። የሚሉትን ቶኒ በጆሮዬ ይተረጉምልኛል።

"መጽሐፉ እንዲህ ያለውን አትቀበሉ ይላል" አለ የኮሚቴው ሰው። "እኔ አይደለሁም ያልኩት።"

"የሚከለክል ቃል አለ" አሉ አበምኔቱ። "ስለ ማን እንደሆነ ግን ከእኔ በፊት የነበሩትም አልተስማሙም።" ወደ ቶኒ ዞሩ። "መነኩሴ ሳለህ ሴት ትነካለህ?"

"አልነካም።"

"ወንድስ?"

"አልነካም።"

"ከስድስት ሰዓት በኋላ ሳትበላ ትውላለህ?"

ቶኒ ትንሽ አሰበ። "እሞክራለሁ" አለ።

"የሚከብደው እሱ ነው" አሉ አበምኔቱ። እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመን እንበላለን፤ እነሱ እስከ ስድስት ሰዓት በልተው ይጾማሉ። "ሴት የሚወደውም ፍቅሩን በር ላይ ትቶ ነው እዚህ የሚገባው፣ ወንድ የሚወደውም እንዲሁ። በር ላይ የቀረው ጫማ የማን ነው ብዬ አልመረምርም።"

ሜ ማኒ እጆቿን እንዳጋጠመች "ባለፈው ሕይወቱ በድሎ ነው እኮ" አለች።

"እኔም በድያለሁ፣ አንቺም በድለሻል። ይህን ሁሉ ጊዜ ስንወለድና ስንሞት ማን ያልሆነው ነገር አለ? ምናልባት እኔም አንድ ጊዜ ሚስትሽ ነበርኩ።"

የሳቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። ቶኒ በክርኑ ጎሸመኝ። በብዙ ሕይወት አላምንም፣ የተጠመቅኩ ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ያን ኮፍያ ያጠለቁ ሽማግሌ የሜ ማኒ ሚስት ሆነው ሳስባቸው ትከሻዬ ላይ የነበረ ነገር ቀለል አለኝ።

አበምኔቱ አልሳቁም። "መጽሐፉ የኮሚቴ ፈቃድ አይጠይቅም" አሏት። "የእናትና የአባት ፈቃድ ግን ይጠይቃል። አባቱ የለም። አንቺ አለሽ። አንቺ ካልፈቀድሽ እኔ ልብሱን አላለብሰውም።"

ሜ ማኒ ሰግዳላቸው ተነሳች።

ስንመለስ ቶኒ መሪውን እየደበደበ "አየህ? ይሁን አላሉም፤ አልጠይቅም ነው ያሉት" አለኝ።

"አልጠይቅም ማለት ትንሽ ነገር ነው እንዴ?"

"ላንተ ትልቅ ይሆናል። እኔ እዚህ ነው የተወለድኩት።"

ከዚያ በኋላ ሜ ማኒ ልብሱን ገዛች፣ የምጽዋት ሳህኑን ገዛች፣ ለእንግዶች የሚሆን ሩዝ በጆንያ አስመጣች፤ እፈቅዳለሁ የሚለውን ቃል ግን አላወጣችም። ቶኒም አልለመናትም። አንድ ጊዜ ጠይቆ ተወ። ሁለቱም ግትር ናቸው፤ መሀል ሆኜ የምሰቃየው እኔ ነበርኩ።

ቀኑ ደረሰ። ከሌላ ከተማ መነኮሳት መጥተዋል፣ ግቢው በሰው ሞልቷል፣ ሐምሌ ነውና ሙቀቱ ያሳብዳል። ቶኒ ነጭ ለብሶ ዛፍ ሥር ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ እናት አንዲት ዘለላ ፀጉር ትቆርጣለች፤ ይህ ፈቃዷ ነው፤ ከዚያ ዘመድ በየተራ ይቆርጣል፤ በመጨረሻ ላጪ ይላጫል። ፀጉሩ መሬት አይወድቅም፣ በቅጠል ላይ ይያዛል። መቀሴን ለሜ ማኒ ሰጠኋት።

ያዘችው። የልጇን ፀጉር በግራ እጇ ጨብጣ ቆመች። የኮሚቴው ሰው እጁን አጣምሮ ያያል። የቶኒ አንገት ቀልቷል። እሷ አልቆረጠችም። ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

"ያንተ እናት ብትሆን ትቆርጥ ነበር?" አለችኝ በእንግሊዝኛ።

ቶኒን አየሁት፤ ባይኑ "እኔ አልነገርኳትም" አለኝ። ሴትዮዋ ሁለት ዓመት ሙሉ ታውቃለች ማለት ነው። ሚስት ፈላጊ መስዬ፣ የገነትን ልጃገረዶች እያማሁ ሳስቃት፣ ሁሉን ታውቃለች።

"አላውቅም" አልኳት።

"ለምን አታውቅም?"

"ጠይቄያት አላውቅም።"

"እሱ ጠየቀኝ" አለች የቶኒን ጭንቅላት እያሳየችኝ። "ለእኔ ከባድ ነው። ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም። ግን ጠየቀኝ፤ እናቱ መሆኔን አወቀ። ያንተ እናት ምን ሆና ነው የማትጠየቀው?"

ምላጬን በጨርቅ መወልወል ጀመርኩ።

"ትጠይቃታለህ?"

"እሺ።"

"መቼ?"

ከዚህች ሴት ጋር ቀን ሳይቆረጥ ነገር አያልቅም። "ዛሬ" አልኳት።

ቆረጠች። ዘለላውን ቅጠሉ ላይ አስቀምጣ ያን ያላወጣችውን ቃል በላኦ ቋንቋ ጮክ ብላ ተናገረች። አሮጊቶቹ "ሳቱ፣ ሳቱ" አሉ፤ እንደኛ አሜን ነው። የኮሚቴው ሰው ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ እሱም መጥቶ አንዲት ዘለላ ቆረጠና ወደ ቦታው ተመለሰ። የቶኒን ራስ ላጨሁ፣ ቅንድቡንም ላጭ አሉኝ፣ ላጨሁት። አልቅሼ ስለነበር ዓይኔን በክንዴ እየጠረግኩ ነው የጨረስኩት።

አዳራሹ ውስጥ መነኮሳቱ ይጠይቁታል፣ ቶኒ ተንበርክኮ ይመልሳል። ጥያቄዎቹን አስቀድሞ ተርጉሞልኝ ነበር። ሰው ነህ ወይ? ወንድ ነህ ወይ? እናትና አባትህ ፈቅደውልሃል ወይ? እኔ በኤምባሲው፣ በኤርፖርቱ፣ በላይሰንሱ ቢሮ ስንት ጥያቄ ተጠይቄያለሁ፤ ሰው ነህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ቢጠይቁኝ ደስ ይለኝ ነበር። ቶኒ "አዎን ጌታዬ" ባለ ቁጥር ሜ ማኒ ትንፋሿን ትለቃለች። ብርቱካንማውን ልብስ ለብሶ ሲወጣ እናቱ መሬት ወድቃ ሰገደችለት። እንድትነካው አይፈቀድም ነበር፤ ሩዝ በሳህኑ አደረገችለትና ፊቱን አየችው። የአባቱን ስም ጠርቶ ጸለየ።

ወደ ፍሮግታውን ስንመለስ በጣም መሽቷል። አገር ቤት እሑድ ነግቷል፤ እናቴ ከኪዳን ተመልሳለች። ላይኛው ክፍሌ ገብቼ የስልክ ካርድ ፋቅሁና ደወልኩ። ወንድሜ አነሳ፣ ስለ ጤና ተጠያየቅን፣ እሷን ሰጠኝ።

"ብርዱ እንዴት ነው?" አለችኝ እንደ ሁልጊዜው።

"ሐምሌ ነው እማዬ፣ ሙቀት ነው።"

"ይሁን፣ ደርበህ ልበስ። ያቺን የነገርኩህን ልጅ ፎቶ ወንድምህ ሊልክልህ ነው። ጨዋ ናት፣ ሰው አክባሪ።"

"እማዬ።"

"ወይ።"

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ስለዚያ ስለ ሚስት ነገር ነው።"

ከጀርባዋ የወንድሜ ሬዲዮ ይሰማኛል፣ የልጆቹ ጫጫታ። እንደገና ልጣራ ስል ድምጿ መጣ።

"ቆይ" አለች። "ወንድምህ ሳሎን ነው። በሩን ልዝጋ።"

ስልኩን ስታስቀምጠው ሰማሁ፣ ነጠላ ጫማዋ ሲሄድ ሰማሁ፣ በሩ ሲገጥም ሬዲዮው ራቀ። ተመልሳ ስታነሳው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር።

"እሺ ልጄ" አለችኝ፣ "አሁን ጠይቀኝ።"